1,080 ሊትር የሪፍ አኳሪየም በቤት ውስጥ፦ ሳልጀምር ዕቅዴን እዩልኝ

ዓሣ ወዳድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነኝ። ትልቅ የጨው ውሃ ሪፍ ታንክ (ኮራል የሚኖርበት የዓሣ ገንዳ) በራሴ ልሠራ አስቤአለሁ፤ ይህን የሚያህል የተሠራ ታንክ ዋጋው አይቀመስም። ልኩ 240 በ75፣ ከፍታው 60 ሴንቲ ሜትር፤ ሲሞላ 1,080 ሊትር (285 ጋሎን ገደማ) ይይዛል። ወለሉ፣ ጀርባውና ሁለቱ ጎኖች ውስጣቸው ኢፖክሲ (ውሃ የማያስገባ ቅብ) የተቀባ 18 ሚሊ ፕላይዉድ፣ ፊቱ ብቻ 12 ሚሊ መስታወት። ከሥር 150 ሊትር ሳምፕ (ከታንኩ የሚወርደውን ውሃ የሚቀበል ሁለተኛ ገንዳ)፣ ውሃ የሚወርድበት አንድ ባለ 1.5 ኢንች ቀዳዳ፣ አንድ መላሽ ፓምፕ፣ አንድ 1,000 ዋት ማሞቂያ። ውሃው ከቧንቧ፣ ክሎሪን ማጥፊያ ተጨምሮበት። ሳሎን ላድርገው ወይስ ቤዝመንት? መስታወቱስ ይበቃል? ፐርፕል ታንግ የሚባለውን ዓሣም በጣም እፈልጋለሁ፤ መቼ ባስገባው ይሻላል? የሚጎድለውን ሳትራሩ ንገሩኝ።

አናጢው፦
ቤዝመንት። ውሃው ብቻውን 1,100 ኪሎ ነው፤ አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ታንክና መቆሚያ ሲደመር 1,500 አካባቢ ይደርሳል። ይህ በ1.8 ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ በካሬ ከ800 ኪሎ በላይ ነው። የአሜሪካ ቤት ሳሎን ወለል የሚነደፈው ግን በካሬ ጫማ 40 ፓውንድ እንዲሸከም ነው፤ በካሬ ሜትር 195 ኪሎ መሆኑ ነው። ያ ቁጥር ለጠቅላላው ወለል የተሰጠ ስለሆነ ታንኩ ወዲያው ይደረምሰዋል ማለት አይደለም። ቢሆንም መሐንዲስ ሳያየውና ከሥር ሳይደገፍ አይሞከርም።

መስታወቱን በተመለከተ፣ ግፊቱን የሚወስነው ጥልቀት ነው። ርዝመቱ የሚጨምረው መስታወቱ የሚጎብጥበትን መጠን ነው። በ60 ሴንቲ ጥልቀትና በ240 ርዝመት ፊቱ ላይ በድምሩ 440 ኪሎ ያህል ወደ ውጭ ይገፋል። 12 ሚሊ ይበቃል፣ ግን የላይኛው ጠርዝ ዙሪያውን ከታሰረ ብቻ፦ 15 ሴንቲ ስፋት ያለው የፕላይዉድ ክፈፍና መሐል ላይ ቢያንስ አንድ አግዳሚ። እነዚህ ከሌሉ መስታወቱ ባይሰበር እንኳ እየጎበጠ ሲሊኮኑን ከጠርዙ ይገነጥለዋል። 15 ሚሊ ልግዛ ካልክ አልከራከርህም።

መስታወቱን ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ለጥፈው። ያኔ ውሃው ራሱ ከክፈፉ ጋር ያጣብቀዋል። ታንኩን ፊቱን ወደ መሬት አስተኝተህ ክፈፉ ላይ ሲሊኮን በደንብ አፍስስና መስታወቱን አስቀምጠው፤ 3 ሚሊ ውፍረት ያላቸው መለያዎች ካላደረግክ ክብደቱ ሲሊኮኑን ጨምቆ ያወጣዋል። ሲሊኮኑ ፀረ ሻጋታ መድኃኒት የሌለበት፣ መቶ በመቶ ሲሊኮን የሆነው ይሁን፤ የመታጠቢያ ቤቱ አይነት ዓሣ ይገድላል። የሚደርቀው ከአየር እርጥበት ስቦ ከዳር ወደ ውስጥ ስለሆነ ሰፊ መጋጠሚያ ላይ በሁለት ቀን ደረቀ አይባልም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ተወው። አዲስ ሲሊኮን አሮጌ ላይ በደንብ አይያዝም፤ ካፈሰሰ ላዩ ላይ መቀባባት ዋጋ የለውም፣ አንሥቶ ከመጀመሪያው መሥራት ነው።

የፕላይዉድ ታንክ የሚያፈስሰው ብዙ ጊዜ በማዕዘኑ ወይም በዓይን በማይታይ የኢፖክሲ ቀዳዳ ነው። ማዕዘኖቹን ሁሉ በፋይበርግላስ ጨርቅ አልብስ፣ ቢያንስ ሦስት ዙር ቀባ። አንዳንዱ ኢፖክሲ ሲደርቅ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ የሚያንሸራትት ነገር ይተዋል። ይህ በውሃና በሻካራ ስፖንጅ ሳይታጠብ ሁለተኛው ዙር ከተቀባ በኋላ ይላጣል። ሲሊኮን የሚያርፍበትን ቦታ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሻክር። የበሳሃቸውን ቀዳዳዎች ጠርዝ አትርሳ፤ ፕላይዉድ ውሃ የሚጠጣው በተቆረጠ ጎኑ ነው። ውጩንም ቀባው፣ የሚረጨው ጨው ከውጭ ያበሰብሰዋል። ብሎኖቹ የማይዝጉ ይሁኑ፤ ነሐስና መዳብ ግን ውሃ የሚነካበት ቦታ ጭራሽ አይድረሱ።

ለማፍሰስ ሙከራ የቧንቧ ውሃ ይበቃል። አንድ ሦስተኛ፣ ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ሙሉ፤ በየመሐሉ አንድ ቀን እያሳደርክ መስታወቱ ላይ ክር ወጥረህ ጉብጠቱን ለካ።

ቧንቧ ሠሪ፦
ወንድሜ፣ ከዕቅድህ ሁሉ ያስደነገጠኝ ያ አንድ ቀዳዳና 150 ሊትር ሳምፕ ነው። የውሃ ኬሚስትሪ ቢበላሽ ሳምንት ቢፈጅም ይስተካከላል። ከሞላ በኋላ የማይታረመው ቀዳዳና የሳምፕ መጠን ነው።

መጀመሪያ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አስብ። ፓምፑ ሲቆም በመመለሻው ቧንቧ ውሃው ወደ ኋላ ይሳባል፤ የሚያቆመው የቧንቧው አፍ አየር ሲያገኝ ብቻ ነው። አፉ ከውሃው ፊት 10 ሴንቲ ዝቅ ብሎ ከሆነ፣ በአንተ ታንክ 180 ሊትር ይወርዳል። 150 ሊትር ሳምፕህ ሥራ ላይ እያለ ቢያንስ ግማሹ የሞላ ነው፤ የተረፈው ቤዝመንት ምንጣፍህ ላይ ነው። አፉን 2 ሴንቲ ብቻ ብታጠልቀው 36 ሊትር ይወርዳል፣ በቧንቧዎቹና በኦቨርፍሎው ሳጥኑ (ከታንኩ ሞልቶ የሚፈስሰው ውሃ በሚገባበት) ያለውን ጨምረህ 60 በለው። ሳምፑን 120 በ50 በ50 አድርገው፣ 300 ሊትር ነው። ውሃውን 25 ሴንቲ ላይ ብታቆመው 150 ሊትር ባዶ ቦታ ይኖርሃል። ስትጨርስ ፓምፑን ንቀልና እስከየት እንደሞላ ምልክት አድርግበት፤ ፓምፑ ቆሞ ሳለ ውሃው ከዚያ መስመር እንዳያልፍ።

ለመውረጃው ሦስት ባለ 1.5 ኢንች ቧንቧ አድርግ። አንደኛው ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ውሃ የሞላው፣ አየር የማይገባበት ዋናው ነው፤ ፍሰቱን ከሥሩ በጌት ቫልቭ (ቀስ እያለ በሚዘጋ መዝጊያ) ታስተካክላለህ። ቦል ቫልቭ አይሆንም፣ ትንሽ ሲነካ ብዙ ስለሚቀይር ልኩን አታገኝለትም። ሁለተኛው ከላይ አየር የሚያገኝ፣ ቀጭን ጅረት ብቻ የሚወርድበት። ሦስተኛው ከሁሉም ከፍ ያለና ደረቅ፣ ለክፉ ቀን። ዋናው በቀንድ አውጣ ወይም በአልጌ ቢደፈን ሁለቱ ይይዙታል። ሦስተኛውን ሳምፑ ውስጥ ከውሃው በላይ አቁመው፤ ሥራ ሲጀምር የሚያሰማው ጩኸት ማስጠንቀቂያ ይሆንሃል። የዋናው ጫፍ ሳምፑ ውሃ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ብቻ ይግባ። ከዚያ በላይ ከጠለቀ ስታስነሣው አየሩን መግፋት አቅቶት ይንገጫገጫል።

በልክ የተስተካከለ ከሆነ ድምፁ እንዳለ እንኳ አይታወቅም። የሚያጉረመርም ሪፍ ታንክ ማለት ያልተስተካከለ መውረጃ ማለት ነው፣ ሰው ግን ፓምፑን ይወቅሳል።

በሳምፑ በኩል በሰዓት ከ5,000 እስከ 6,000 ሊትር ይበቃል። ፓምፕ ስትገዛ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን በ2 ሜትር ከፍታ የሚሰጠውን እይ፤ 10,000 የሚል ካርቶን ከ6,000 ብዙ ላይበልጥ ይችላል። ኮራሎቹ የሚፈልጉት ኃይለኛ ፍሰት የሚመጣው ታንኩ ውስጥ ከምታስገባቸው ዌቭሜከሮች (ውሃ የሚያናውጡ ፓምፖች) ነው፤ በድምሩ በሰዓት 30,000 ሊትር አካባቢ አስብ።

ቀዳዳውን ከመብሳትህ በፊት በልክሄዱን (ቧንቧው በታንኩ ግድግዳ የሚያልፍበትን ማያያዣ) ገዝተህ ለካው፤ ባለ 1.5 ኢንቹ 60 ሚሊ ገደማ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ጎማው በውሃው በኩል ይሁን፤ በእጅ አጥብቀህ ሩብ ዙር ጨምርና ተወው።

ዓሣ ወዳድ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መመለሻው ላይ ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ የማያሳልፍ መዝጊያ) ባደርግስ፣ የሳምፑን መጠን መጨመር ይቀርልኛል?

ቧንቧ ሠሪ፦
አይቀርልህም። ቼክ ቫልቭ ውስጡ ካልሲየም ይጋገርበታል፤ ከወራት በኋላ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ሳይዘጋ ታቆመዋለች። ከፈለግክ ጨምረው፣ ነገር ግን እንደሌለ ቆጥረህ አስላ። አንዳንዱ ሰው በምትኩ ከውሃው ፊት ዝቅ ብሎ መመለሻው ላይ 6 ሚሊ ቀዳዳ ይበሳል። ይሠራል፣ ግን እሱም ይደፈናል፤ በየሳምንቱ በጥርስ ብሩሽ ማጽዳት ያስፈልጋል።

ኬሚስቷ፦
ስለ ውሃው እኔ ልበል። በዲሲና በሰሜን ቨርጂኒያ የቧንቧ ውሃ በአብዛኛው ዓመት የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ ከማርች መጨረሻ አካባቢ ጀምሮ ለተወሰኑ ሳምንታት ደግሞ ለቧንቧ እጥበት ወደ ክሎሪን ይቀይራሉ። ክሎራሚን ክሎሪንና አሞኒያ የተጣመሩበት ስለሆነ፣ ክሎሪኑን ብቻ ስታጠፋው አሞኒያው ነጻ ወጥቶ ይቀራል። ናይትሬቱና ፎስፌቱም እንዳለ ነው፤ አልጌ የሚወደው ይህንኑ ነው። አርኦ/ዲአይ (በውሃው የሟሟውን ሁሉ የሚያወጣ) ማጣሪያ ግዛ፣ በተለይ ለክሎራሚን የተሠራ ካርቦን ያለው። ሜትሩ ላይ ቲዲኤስ (በውሃው የሟሟ ነገር መጠን) 0 ሊል ይገባል፤ 1 ወይም 2 ማለት ሲጀምር ዲአይውን (የመጨረሻውን የማጣሪያ ክፍል) ቀይር። በቀን 100 ጋሎን የሚያወጣው ታንክህን ለመሙላት ሦስት ቀን ገደማ ይፈጃል፤ በክረምት ውሃው ሲቀዘቅዝ ከዚያም ይዘገያል። ለእያንዳንዱ ሊትር ሦስት ሊትር ያህል ወደ ፍሳሽ እንደሚሄድም አስብ።

ጨው በሊትር 37 ግራም ገደማ፣ ለጠቅላላው ወደ 40 ኪሎ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ድንጋይ ሳይገባ እዚያው ታንኩ ውስጥ መበጥበጥ ትችላለህ። ሁልጊዜ ጨው ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ ጨው አይጨመርም፤ ካልሲየሙና ካርቦኔቱ ተዋሕደው ነጭ ዝቃጭ ሆነው ይቀራሉ፣ ተመልሰውም አይሟሙም። 35 ግራም በኪሎ፣ ወይም በ25 ዲግሪ 1.026 (ከንጹሕ ውሃ አንጻር ያለው ክብደት) ላይ አቁመው። ሪፍራክቶሜትሩን (የጨዋማነት መለኪያውን) በ35 መለኪያ ፈሳሽ አስተካክለው፤ በንጹሕ ውሃ ዜሮ ላይ የተስተካከለ እዚያ 35 ላይ ሲደርስ ሊሳሳት ይችላል።

ድንጋዩን ባዶው ወለል ላይ አቁምና አሸዋውን ከዚያ በኋላ አፍስስ። አሸዋ ላይ ከቆመ የሚቆፍር ዓሣ ከሥሩ ሲያወጣበት ይናዳል፣ መስታወትም ይመታል። 3 ሴንቲ ጥልቀት ላለው አሸዋ 80 ኪሎ ገደማ አራጎናይት (የካልሲየም ካርቦኔት አሸዋ) ይበቃሃል። ከዚያ አሞኒየም ክሎራይድ እስከ 2 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ሁለት እጅ)፣ ባክቴሪያ ጨምር፣ ጠብቅ። አሞኒያውም ናይትራይቱም በ24 ሰዓት ውስጥ ዜሮ ሲሆኑ ታንኩ ዓሣ ለመቀበል ደርሷል፤ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት የተለመደ ነው። ቡናማ ዲያቶም (የአልጌ ዓይነት) ይመጣል፣ በራሱ ይሄዳል። ናይትሬትና ፎስፌትን ዜሮ ለማድረግ አትሯሯጥ። ሁለቱም ዜሮ በሆኑበት አዲስ ታንክ ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው ንፍጥ መሳይ ነገር ይነግሣል፣ እሱን ማስወጣት ከአልጌ ይብሳል። ናይትሬት ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1፣ ካልሲየም 420፣ ማግኒዚየም 1,350፣ ሁሉም በፒፒኤም፤ አልካሊኒቲ 8 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ)። አልካሊኒቲው በቀን ከአንድ በላይ እንዳይዋዥቅ፤ ቁጥሩ 7.5 ይሁን 9፣ ኮራሉን የሚጎዳው መዋዠቁ ነው።

ፐርፕል ታንግ የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ዓሣ ነው፣ ኃይለኛ ባለ ርስት። ከሁሉም በኋላ አስገባው። መጀመሪያ ከገባ ሌላውን ሁሉ ያባርራል። ታንጎች ለነጭ ነጠብጣብ በሽታ በጣም ይጋለጣሉ፤ ስለዚህ በሌላ ታንክ ለይተህ፣ አስፈላጊ ሲሆን እዚያው በመዳብ አክመህ አስገባ። ዋናው ታንክ ውስጥ መዳብ አይገባም። በሽታው አንዴ እዚያ ከገባ ዓሣውን ሁሉ አውጥቶ ታንኩን 76 ቀን ያለ ዓሣ ማቆየት ነው የተለመደው።

አናጢው፦
ከኬሚስቷ በአንዱ እለያለሁ፤ እዚያው ታንኩ ውስጥ መበጥበጡ ጥሩ የሚሆነው መስታወት ከሆነ ነው። አዲስ ኢፖክሲ በደንብ ሳይደርቅ ጨው ውሃ ባይነካው ይመረጣል። ሳምንት አድርቀው፣ በንጹሕ ውሃ ሞልተህ ሁለት ሦስት ቀን አሳድረህ አፍስሰው፣ ከዚያ ጨው።

ኬሚስቷ፦
ተቀብያለሁ፣ ልክ ነህ።

ኤሌክትሪክ፦
ከተረሳው ልጨምር። አንድ 1,000 ዋት ማሞቂያ አታድርግ። ማሞቂያ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እንደበራ ተጣብቆ ነው፤ አንድ ትልቅ ከሆነ አድረህ ስትነሣ ታንኩ ሾርባ ነው። ሁለት 400 ዋት አድርግና ሁለቱንም በውጭ ተቆጣጣሪ እሰራቸው፣ የራሳቸውን ቴርሞስታት ከዚያ አንድ ዲግሪ ከፍ አድርገህ። መሣሪያዎቹን በሁለት የተለያየ ሰርኪዩት ከፋፍል፤ መላሽ ፓምፕና አንድ ማሞቂያ በአንዱ፣ ዌቭሜከሮችና ሌላው ማሞቂያ በሌላው። ጂኤፍሲአይ (ኤሌክትሪክ ሲያፈስስ ወዲያው የሚያቋርጥ መከላከያ) ግድ ነው፣ ሁሉም ነገር በአንድ ጂኤፍሲአይ ላይ ግን አይሁን። እያንዳንዱ ገመድ ሶኬት ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ወርዶ ይታጠፍ፣ ውሃ እየተከተለ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ።

ይህ ታንክ በቀን ከ10 እስከ 15 ሊትር ይተንናል። ቤዝመንት ውስጥ ማራገቢያ ወደ ውጭ ካላወጣው ጣሪያው ሻጋታ ያወጣል። የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ስለሆነ የምትተካው በአርኦ/ዲአይ ነው፤ የራስ ሰር መሙያውን ማጠራቀሚያ ግን ከ40 ሊትር አታስበልጥ። መቆጣጠሪያው ተጣብቆ ሁሉንም ቢለቀው እንኳ ጨዋማነቱ ከአራት በመቶ በላይ አይወርድም።

ዓሣ ወዳድ፦
መብራት ለረጅም ሰዓት ቢጠፋስ?

ኤሌክትሪክ፦
ቀድሞ የሚያልቀው ሙቀቱ አይደለም፣ ኦክስጅኑ ነው። 1,080 ሊትር ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዝ፣ ብርድ ልብስ ብትጠቀልልበት ደግሞ ይበልጥ ይቆያል። መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚነሣ ባለ ባትሪ የአየር ፓምፕ ሁለት ግዛ፤ ወይም በ12 ወይም በ24 ቮልት የሚሠራ ዌቭሜከር ካለህ ለእሱ የተሠራውን ባትሪ። ስኪመሩን (የውሃውን ቆሻሻ በአረፋ የሚሰበስበውን መሣሪያ) ደግሞ መብራት ከተመለሰ ከ10 ደቂቃ በኋላ እንዲነሣ አድርገው። ሳምፑ ገና ሞልቶ ሳለ ከተነሣ ኩባያው ሞልቶ የሰበሰበውን ቆሻሻ መልሶ ይደፋዋል።