ለሃሎዊን ሰሞን ከልጆች ጋር በቴሌቪዥን ለማየት የሚስማሙ የቆዩ አስፈሪ ፊልሞች የትኞቹ ናቸው?

ጥያቄ፦ እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። የ10 ዓመት ወንድ ልጅና የ14 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ኦክቶበር በገባ ቁጥር ትምህርት ቤቱም፣ ሰፈሩም፣ ሱቁም በሃሎዊን ጌጥ ስለሚሞላ ልጆቼ እንደ ጓደኞቻቸው አስፈሪ ፊልም ማየት ይፈልጋሉ። ከልክያቸው ተደብቀው በስልክ ከሚያዩ ይልቅ አጠገቤ ተቀምጠው ቢያዩ እመርጣለሁ። ይሁን እንጂ ደም የሚጎርፍባቸውና ሰው የሚቆራረጥባቸው የዛሬ ፊልሞች ቤቴ እንዲገቡ ስለማልፈልግ፣ ከቆዩት ጥቁርና ነጭ ፊልሞች መካከል መምረጥ አስቤያለሁ፤ እነዚህን ፊልሞች ግን አላውቃቸውም። ለየልጆቹ ዕድሜ የሚስማማው የትኛው ነው? ኬብል የለንም፤ አንቴናና ኢንተርኔት ብቻ ነው ያለን፤ በየት በኩል ላገኛቸው እችላለሁ? እናቴም ከእኛ ጋር ስለምትኖር፣ ሰይጣን የሚጠራበት ወይም የሚመለክበት ፊልም መክፈት አልችልም።

መልስ፦ የጥንት ፊልም ወዳጅ፣ ሎስ አንጀለስ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ከ10 ዓመቱ ልጅዎ ጋር በ«ፍራንከንስታይን» እንዲጀምሩ እመክራለሁ። ፊልሙ በ1931 ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ያወጣው፣ ጄምስ ዌል ያዘጋጀው ሲሆን ርዝመቱ 70 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከሙታን አካል ተገጣጥሞ የተሠራውን ፍጡር የተጫወተው ቦሪስ ካርሎፍ አንዲት ቃል ሳይናገር በዓይኑና በእጁ ብቻ ያሳዝናል፤ ልጆች መጀመሪያ ይፈሩታል፣ ከዚያ ይራሩለታል፣ በመጨረሻም ከሚያሳድዱት ሰዎች ይልቅ ለእሱ ይወግናሉ። የሰው ልጅ መልክ አይቶ ሲፈርድ ምን እንደሚያደርስ ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ፊልም አላገኘሁም።

አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ አንድ ትዕይንት ግን አለ። ፍጡሩ ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጋር ሐይቅ ዳር ተቀምጦ አበባ ወደ ውኃ እየወረወረ ይጫወታል፤ አበባው ሲያልቅ ልጅቷም እንደ አበባው የምትንሳፈፍ መስሎት ይወረውራታል፣ እሷም ትሰጥማለች። ይህ ክፍል በዚያ ዘመን በሳንሱር ተቆርጦ ቆይቶ በ1980ዎቹ ነው ወደ ፊልሙ የተመለሰው። ለልጅዎ ቀድመው ቢነግሩት፣ ትዕይንቱ ሲደርስም አጠገቡ ቢሆኑ ጥሩ ነው።

ለሁለተኛ ምሽት በ1933 የተሠራው «ዘ ኢንቪዚብል ማን» ይሁንልዎ። ተዋናዩ ክሎድ ሬይንስ ፊቱ የሚታየው በመጨረሻው ቅጽበት ብቻ ነው። ሰውየው ፋሻውን ሲፈታ ከሥሩ ምንም የማይታየው፣ ከልብሱ ውጭ ያለውን አካል በሙሉ በጥቁር ቬልቬት ሸፍነው በጥቁር መጋረጃ ፊት ስለቀረጹትና ያንን ምስል በኋላ ከሌላ ምስል ጋር ስላዋሃዱት ነው። ኮምፒዩተር በሌለበት ዘመን ይህ እንዴት እንደተሠራ ለልጅ መንገር ፍርሃቱን ወደ ጉጉት ይለውጠዋል። ሰው ይገድላል፣ ባቡርም ይገለብጣል፤ ደም ግን አይታይም።

በ1941 የወጣውን «ዘ ዎልፍ ማን» ለእናትዎ ጭምር እመርጠዋለሁ። በተኩላ የተነከሰ ሰው ራሱ ሳይፈልግ ወደ ተኩላነት ይለወጣል። እናትዎ ሌሊት ጅብ ስለሚሆን ሰው በልጅነታቸው የሰሙት ታሪክ ካለ፣ ከፊልሙ በኋላ እሳቸው የሚያወሩት ከፊልሙ ሊበልጥ ይችላል።

በዚያው በ1931 የተሠራውን «ድራኩላ»ን ግን አያስቀድሙት። ቤላ ሉጎሲ ግሩም ተዋናይ ነው፤ ነገር ግን ፊልሙ ከመክፈቻው በኋላ ሙዚቃ የለውም ማለት ይቻላል፣ አካሄዱም እንደ ቲያትር ዝግ ያለ ስለሆነ የዛሬ ልጅ ይሰለቻል። ደም መጣጩ መስቀል ሲያይ ፊቱን ሸፍኖ የሚያፈገፍግበት ትዕይንት እናትዎን ሳያስደስት አይቀርም።

መልስ፦ የአንቴና ባለሙያ፣ ቴክሳስ

በአንቴና በነፃ ከሚገቡት ቻናሎች መካከል ሚ ቲቪ የሚባለውን ይፈልጉ። ቅዳሜ ምሽት «ስቬንጉሊ» የተባለ ዝግጅት አለው፤ ረጅም ጥቁር ባርኔጣ ያደረገና ፊቱን የተቀባ አቅራቢ በፊልሙ መሃል እየገባ ስለ ተዋናዮቹና ስለ አሠራሩ ያወጋል፣ ይቀልዳል። ገጸ ባሕርዩን ከ1979 ጀምሮ የሚጫወተው የቺካጎው ሪች ኮዝ ነው። ለ10 ዓመት ልጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ፍርሃቱ ሲበረታ አቅራቢው መጥቶ ያሳርፈዋል። ማስታወቂያና ጨዋታ ስላለበት የ70 ደቂቃው ፊልም ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ እንደሚወስድ አውቀው እራት ቀደም ብለው ያቅርቡ።

ቻናሉ ካልታየዎት በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ገብተው የቻናል ፍለጋውን እንደገና ያስጀምሩ፤ ጣቢያዎች ድግግሞሽ ሲቀይሩ ቴሌቪዥኑ በራሱ አያገኛቸውም። አንቴናውን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አንሥተው ወደ መስኮት ማስጠጋትም ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ተርነር ክላሲክ ሙቪስ ደግሞ በኦክቶበር ብዙ የቆዩ አስፈሪ ፊልሞችን ያለ አንዳች ማስታወቂያ ያሳያል፤ እሱ ግን በኬብል ወይም በወርኃዊ ክፍያ ስለሆነ ለእርስዎ አይሆንም። በምትኩ ቱቢ የተባለውን የኢንተርኔት ፊልም ማሳያ በነፃ መክፈት ይችላሉ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ካለዎትም፣ ቤተ መጻሕፍትዎ ፊልም በኢንተርኔት የሚያሳዩት የካኖፒ ወይም የሁፕላ አባል ከሆነ ያለ ማስታወቂያ ያያሉ። በቅድሚያ የቤተ መጻሕፍቱን ይሞክሩ፤ የምስሉ ጥራት ብዙውን ጊዜ ይሻላል።

መልስ፦ የሁለት ወጣቶች አባት፣ አትላንታ

ለ14 ዓመቷ ልጅዎ የ1968ቱን «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ያሳዩዋት እላለሁ። በፔንስልቬንያ በጥቂት ገንዘብ የተሠራ ፊልም ነው፤ ዋናው ጀግና ዱዌን ጆንስ የተባለ ጥቁር ተዋናይ ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ አስተዋይና ቆራጥ ሆኖ የሚታየው እሱ ነው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ፊልም ይህ ብርቅ ነበር። መጨረሻው ላይ የሚደርስበትን አይታ ልጄ ዝም ብላ ቆየች፤ ከዚያ በኋላ ስለዚህች አገር ታሪክ ረጅም ሰዓት ተነጋገርን።

መልስ፦ የጥንት ፊልም ወዳጅ፣ ሎስ አንጀለስ

ወንድሜ፣ ስለ ፊልሙ ታላቅነት እስማማለሁ፤ ዕድሜው ላይ ግን አንስማማም። ሙታኑ የሰው ሥጋ ሲበሉ በግልጽ ይታያል፣ ልጅም እናቷን ትገድላለች። ፊልሙ የወጣው የአሜሪካ የፊልሞች የዕድሜ ደረጃ ሥርዓት ሥራ ላይ ከመዋሉ ከአንድ ወር በፊት ስለነበር፣ ሕፃናት ለከሰዓት ትዕይንት ገብተው በድንጋጤ አልቅሰው ነበር። ጠያቂዋም ደም እንደማይፈልጉ ነግረውናል። ሁለት ዓመት ቢቆይ ምን ይጎዳል?

በምትኩ ለልጅቷ በ1942 የተሠራውን «ካት ፒፕል» አቀርባለሁ። ፕሮዲውሰሩ ቫል ሉተን ገንዘብ ስላልነበረው ጥላና ድምፅን መሣሪያ አደረገ። አንዲት ሴት በሌሊት ከመንገድ መብራት ወደ መብራት ስትሄድ ከኋላዋ የጫማ ኮቴ ይሰማል፤ ኮቴው በድንገት ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አልናገርም። ከዚህ ትዕይንት ወዲህ የመጡ ብዙ አስፈሪ ፊልሞች ይህን ዘዴ ተበድረዋል።

ቀጥሎም በ1963 የወጣው «ዘ ሃውንቲንግ» ይሁን። አዘጋጁ ሮበርት ዋይዝ ከሁለት ዓመት በኋላ ብዙዎቻችን የምናውቀውን «ዘ ሳውንድ ኦቭ ሚዩዚክ»ን የሠራ ሰው ነው። በዚህ ፊልም አንድም መንፈስ አይታይም፤ የሚታየው ከውጭ የሆነ ነገር ሲገፋው ወደ ውስጥ የሚያብጥ ወፍራም የእንጨት በር ብቻ ነው፣ እሱም ይበቃል። በመግቢያው ራሷን ስለሰቀለች ሴት ስለሚተርክ ግን ከልጅዎ ጋር ስለዚህ መነጋገር የሚችሉ ከሆነ ብቻ ይክፈቱት።

እናትዎን በተመለከተ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። ካርሎፍና ሉጎሲ አብረው የተጫወቱበት የ1934ቱ «ዘ ብላክ ካት» በዚህ ሰሞን ብዙ ጊዜ ይቀርባል፤ ከተዋናዮቹ ስምና ከዘመኑ ተነሥቶ የዋህ ፊልም ሊመስል ይችላል። በውስጡ ግን የሰይጣን አምልኮ ሥርዓት አለ። «ዘ ኤክሶርሲስት»ን ስሙን ስለሚያውቁት እንደማይከፍቱት እርግጠኛ ነኝ፤ ሰው ሳያውቅ የሚገባበት ይኸኛው ነው።

መልስ፦ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት፣ ቨርጂኒያ

በፊልሞቹ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ ስለ ቀኑ ግን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ኦክቶበር 31 በአብዛኛው ዓመት የሚውለው ጥቅምት 21 ቀን፣ የእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ዕለት ነው፤ ወቅቱም ዘመነ ጽጌ ነው። እናትዎ በዚያ ምሽት ጸሎታቸውን ለማድረስ ይፈልጉ ይሆናል። እኛ ቤት የፊልሙን ምሽት ቀደም ባለ ቅዳሜ አድርገነዋል፤ ልጆቹም አልተከፉም፤ ከላይ የተጠቀሰው የቅዳሜ ዝግጅትም ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጀመሪያው ቅዳሜ «ፍራንከንስታይን» ወይም በአንቴናው የሚገኘው እንዲሆን፣ ከሴት ልጄ ጋር ደግሞ ለብቻችን «ካት ፒፕል»ን እንድናይ ወስኛለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ እናቴ እንግሊዝኛ ስለማትሰማ ንግግር በበዛበት ፊልም ብቻዋን ትቀራለች። ለእሷ የሚሆን ይኖራል?

መልስ፦ የጥንት ፊልም ወዳጅ፣ ሎስ አንጀለስ

አለ፤ ድምፅ አልባው «ኖስፌራቱ» ነው። በ1922 በጀርመን ኤፍ ደብልዩ ሙርናው ያዘጋጀው የደም መጣጭ ታሪክ ሲሆን፣ ንግግሩ በመሃል በመሃል በሚገባ ጽሑፍ ብቻ ስለሚቀርብ ልጅዎ እያነበበች ለአያቷ በአማርኛ ልትነግራቸው ትችላለች። ጽሑፉ አጭር ነው፣ ጊዜም ይሰጣል። ታሪኩ ያለ ፈቃድ «ድራኩላ» ከተባለው መጽሐፍ ስለተወሰደ የሟቹ ደራሲ ሚስት ከስሰው፣ ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ በሙሉ እንዲጠፉ አዝዞ ነበር፤ የተረፉት ናቸው ዛሬ የምናያቸው። የደም መጣጩ መልክ በእውነት ስለሚያስፈራ ትንሹን ልጅ ያን ዕለት ቀድመው ያስተኙት።

በአሜሪካ የቅጂ መብቱ ስላለቀ በኢንተርኔት ላይ ብዙ ቅጂ ያገኛሉ፤ አብዛኛው ግን የተበላሸ ነው። የሌሊቱ ትዕይንት ሰማያዊ፣ የቀኑ ደግሞ ቢጫማ ቀለም የተቀባበትን፣ የታደሰውን ቅጂ ይምረጡ። ፊልሙ የተቀረጸው በቀን ብርሃን ስለሆነ፣ ቀለሙ በሌለበት ቅጂ ደም መጣጩ በጠራራ ፀሐይ ሲዘዋወር ይታያል፤ የሚያጠፋው ደግሞ የፀሐይ ብርሃን ስለሆነ እናትዎ «ታዲያ ለምን አልሞተም?» ማለታቸው አይቀርም።