አይማክን ለላፕቶፕ ሞኒተር ማድረግ ይቻላል ወይ?

ኤዲተሩ ከጀሞ፦
ሰላም ወገኖች። የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት እሠራለሁ። የ2015 ባለ 27 ኢንች 5ኬ አይማክ (እስክሪኑና ኮምፒውተሩ አንድ ላይ የሆነ የአፕል ማሽን) አለኝ። ማሽኑ ደክሟል፤ አንድ ሰርግ ሬንደር ላድርግ (ኤዲት ያለቀውን ቪዲዮ ላውጣ) ካልኩ ሌሊቱ ይነጋል። እስክሪኑ ግን አሁንም ጉድ ነው! የሙሽራዋን ጥልፍ ክር በክር ያሳየኛል። አሁን ጠንካራ የዊንዶውስ ላፕቶፕ ስለገዛሁ አይማኩን ለሱ ሞኒተር ላደርገው አሰብኩ። ኬብል ሻጩ “ይሠራል፣ አታስብ” ብሎ ከኤችዲኤምአይ ወደ ሚኒ ዲስፕሌይፖርት የሚቀይር ሰጠኝ። ሰካሁት፤ ወይ ፍንክች። ዩቲዩብ ላይ ኮማንድና ኤፍ2 ተጫኑ ሲሉ አይቼ ጣቴ እስኪደነዝዝ ተጫንኩ። ችግሩ ኬብሉ ነው ወይስ ሌላ?

ቢኒ፦
ያ የአይማኩ ቀዳዳ ምስል ያወጣል እንጂ አያስገባም። ኬብሉን መልስና ብርህን ተቀበል።

ጠጋኙ፦
ቢኒ ልክ ነው፤ ግን ዩቲዩቡም አልዋሸህም። ያየኸው ታርጌት ዲስፕሌይ ሞድ የሚባለውን፣ አይማክን ለሌላ ኮምፒውተር ሞኒተር የሚያደርገውን ነው። እሱ የሚሠራው ከ2009 መጨረሻ እስከ 2014 አጋማሽ በወጡት 5ኬ ያልሆኑ አይማኮች ላይ ነው። የ2009ና የ2010 ባለ 27 ኢንቾቹ በሚኒ ዲስፕሌይፖርት ይቀበላሉ። ከ2011 ወዲህ ያሉት ተንደርቦልት የሚባለው ሌላ ዓይነት ግንኙነት ካልሆነ አይቀበሉም። ቀዳዳው ቅርጹ አንድ ስለሆነ ነው ሰው የሚሸወደው።

ያንተ 5ኬ ነው። 5120 በ2880 ፒክስል በሰከንድ 60 ጊዜ ለመላክ ከ21 ጊጋቢት በላይ ያስፈልጋል፤ የዚያን ጊዜው ዲስፕሌይፖርት 1.2 ደግሞ ከ17 ብዙም አያልፍም። አፕል ውስጥ ለውስጥ በራሱ መንገድ አገናኘው፣ ከውጭ መግቢያ ግን አላበጀለትም። ስለዚህ ምንም ኬብል ብትቀያይር አይሠራም።

ካፕቸር ካርድ (የላፕቶፑን ምስል እንደ ቪዲዮ ተቀብሎ ወደ አይማኩ የሚያስገባ ዕቃ) የሚሉህ ይኖራሉ። ምስሉ ይመጣል፣ ግን ይዘገያል፤ ማውሱን አንቀሳቅሰህ ቀስቱን ትጠብቃለህ። ለኤዲት አይሆንም።

ያለው መንገድ ከፍቶ የውስጡን ኮምፒውተር አውጥቶ እስክሪኑን ከኮንትሮለር ቦርድ (ምስል ከውጭ ተቀብሎ ለእስክሪኑ ከሚሰጥ ሰሌዳ) ጋር ማገናኘት ነው። ቦርዱ ከቻይና ይታዘዛል። ከማዘዝህ በፊት ግን ተከፍቶ ከእስክሪኑ ጀርባ ያለው ቁጥር ፊደል በፊደል ይነበብ፤ የ5ኬው እስክሪን ዓይነቱ ብዙ ነው። መስታወቱ በሙጫ የተያያዘ ስለሆነ በጥንቃቄ ነው የሚቆረጠው። ፓወር ሳፕላዩ ከሶኬት ተነቅሎም ቻርጅ ይይዛል፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ አትሞክረው። ደግሞም ዲስፕሌይፖርት 1.4 መግቢያ ያለውን ምረጥ፤ በኤችዲኤምአይ 2.0 ብትሰካው በ60 ኸርዝ ከ4ኬ አያልፍልህም።

እመቤት ከሜሪላንድ፦
አዲስ ልግዛ ለምትሉም ልጨምር። አዲሶቹ ባለ 24 ኢንቾችም ከሌላ ኮምፒውተር በኬብል ምስል አይቀበሉም። ማውጣት ላይም ወሰን አላቸው፦ የኤም1ና የኤም3 ቺፕ ያላቸው አንድ ተጨማሪ ሞኒተር ብቻ፣ የኤም4ቱ እንደ ሞዴሉ አንድ ወይም ሁለት። የኔ ኤም1 ነው። ሁለተኛውን ሞኒተር የሰካሁት በዲስፕሌይሊንክ አዳፕተር፣ ምስሉን በዩኤስቢ በሚያሳልፈው ነው። ለኤክሴል ይበቃል፣ ቪዲዮ ላይ ግን አልወደውም። ከዊንዶውስ ኦል-ኢን-ዋኖች (እንደ አይማክ እስክሪኑና ኮምፒውተሩ አንድ የሆኑት) ግን መግቢያ ያላቸው አሉ። ቀዳዳው አጠገብ “ኢን” (IN) የሚል ጽሑፍ ካላያችሁ አትግዙ።

ኤዲተሩ ከጀሞ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጠጋኙ፣ ቦርዱ ከገባ በኋላ ስፒከሩና ካሜራውስ? ደግሞ እኛ ሰፈር መብራት ድንገት ነው የሚሄደው።

ጠጋኙ፦
ካሜራውን እርሳው። ስፒከሩ እንደ ቦርዱ ነው፤ አንዳንዱ የድምፅ መውጫ አለው። የብርሃኑን መጠንም በቦርዱ ቁልፎች ነው የምታስተካክለው። ቦርዱ በራሱ አዳፕተር ስለሚሠራ እሱን ዩፒኤስ ላይ ሰካው፤ ላፕቶፑ ባትሪ አለው።

ብር ከማውጣትህ በፊት ግን አንድ ነገር አድርግ። አይማኩን አብርተህ አሙቀውና ነጭ ገጽ ሙሉ እስክሪን ላይ ክፈት። መብራቱን አጥፍተህ ጠርዝ ጠርዙን እይ። ወደ ሮዝ የሚያደላ ወይም የጠቆረ ቦታ ካለው ቦርዱን አትዘዝ፤ እንዳለ ሽጠውና 4ኬ ሞኒተር ግዛ። ንጹህ ከሆነ ባለሙያ ዘንድ አስከፍተህ የእስክሪኑን የጀርባ ቁጥር ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፈው፣ የትኛው ቦርድ እንደሚሆነው እነግርሃለሁ።