ባለቤቱ የጠፋውን ቡድን ማን ይረከበው?

ሰላም ቤተሰብ። አስር ሆነን የምንጫወተው የፋንታሲ ሊግ (በእውነተኛ ተጫዋቾች የሜዳ ብቃት ነጥብ የምንሰበስብበት ጨዋታ) አለን፣ ዘንድሮ አምስተኛ ሲዝናችን ነው። እንደ ተለመደው የፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ በ100 ሚሊዮን በጀት ሁሉም ሰው ሃላንድን የሚገዛበት አይደለም። አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ ነው። በድራፍት ተራ በተራ መርጠን እያንዳንዳችን 15 ተጫዋች እንይዛለን፣ ሲዝኑ ሲያልቅ ደግሞ 5ቱን ይዘን ወደ ቀጣዩ ዓመት እንሻገራለን። የምወደውም ለዚህ ነው፤ ገና ተቀያሪ ሳለ የመረጥኩት ልጅ ዛሬ አምበሌ ነው።

አሁን ግን አንዱ ልጅ ከ9ኛው ሳምንት በኋላ ጠፋብን። አሰላለፍ አይሠራም፣ መልእክትም አይመልስም። ባለፈው ሳምንት አራት ጉዳተኛ አሰልፎ ገባ፣ ፊት ለፊት ስለምንጋጠም ተጋጣሚው 3 ነጥብ በነፃ ወሰደ። ሰንጠረዡ እየተበላሸ ነው።

ለሁለት ሳምንት አሰላለፉን እኔ ሠራሁለት፣ ከዚያ ቡድኑ ከራሴ ቡድን ጋር ሲጋጠም ተውኩት፣ ለሁለቱም እኔ ማሰለፌ ልክ አይመጣም። ተጫዋቾቹን እንበትናቸው ስንል ግማሹ ሰው አኮረፈ፣ ምክንያቱም የተበተኑትን ለመምረጥ ቅድሚያ የሚያገኙት ከሰንጠረዡ ታች ያሉት ናቸው። ሁለት አዲስ ሰው ጋበዝን፣ ሁለቱም ቡድኑን አይተው እምቢ አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ለከርሞ የሚያዝ ሁለት ተጫዋች ብቻ ነው ያለው። ሊጉ በዚህ ምክንያት እንዲፈርስ በፍጹም አልፈልግም።

እንዲህ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ አዲሱን ሰው በምን አሳምናችሁ አስገባችሁት፣ የቀጣዩን ድራፍት የመጀመሪያ ምርጫ በመስጠት ነው ወይስ በሌላ?