የድሮው ተከራይ ደብዳቤ እኛ ቤት ይመጣል፣ ልጣለው ወይስ?

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አዲስ አፓርትመንት ከገባን ወራት ሆነን ከኛ በፊት የነበረው ሰውዬ ደብዳቤ ግን አላቆመም፣ የባንክ፣ የሆስፒታል ቢል፣ ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ) ምናምን። ባለቤቴ ጣዪው ይላል፣ እኔ ግን ፈራሁ ምክንያቱም ትላንት ከኢሚግሬሽን የመጣ አለ፣ ስዳስሰው ውስጡ ካርድ ነገር አለው። ስሙ የሀበሻ ነው። ከፍቼ ስልኩን ብፈልግለት ችግር አለው? ወይስ ፖስታውን ፎቶ አንስቼ እዚህ ልለጥፈው የሚያውቀው ካለ? ዕዳውስ እኛ ላይ ይመጣል እንዴ?

ማሚ፦ እኔ የማላውቀው ስም ካለበት ቀጥታ ሪሳይክል ነው፣ ማን ያየኛል

አቤ ቨርጂኒያ፦ ማሚ ኧረ ተይ። የፌደራል ህግ ነው እኮ፣ 18 ዩኤስ ኮድ 1702 የሚባለው አንቀጽ፣ የሌላ ሰው ደብዳቤ ባለቤቱ እጅ ሳይገባ የከፈተ የደበቀ ያጠፋ እስከ 5 ዓመት እስር ይላል። የራስሽ መስሎሽ ብትከፍቺው ሌላ ነገር ነው፣ መልሰሽ አሽገሽ ትሰጫለሽ። ስልኩን ለመፈለግ ብሎ መክፈት ግን አውቆ መክፈት ነው፣ ለደግ ነው ብትይም።

ፖስተኛው፦ እኔ ስራዬ ይሄው ነው ደብዳቤ ማደል። የኔ እህት ቀላል ነው፣ ፊቱ ላይ ባዶ ቦታ ፈልገሽ በእንግሊዝኛ «ኖት አት ዚስ አድረስ» (እዚህ አድራሻ የለም) ብለሽ ጻፊና ለፖስተኛሽ ስጪው፣ ካላገኘሽው የሚላክ ደብዳቤ የሚገባበት ቀዳዳ ወይ መንገድ ላይ ያለው ሰማያዊ ሳጥን ውስጥ ክተቺው፣ ቴምብር አይፈልግም። ስሙንና አድራሻውን አትሰርዢ፣ ብዙ ሰው እሱን በማርከር ያጠፋና ደብዳቤው የት እንደሚሄድ ይጠፋናል። ሌላው የቤተሰባችሁን ስም በትንሽ ወረቀት ጽፈሽ ሳጥናችሁ ውስጥ፣ ስንከፍተው በሚታየን በኩል ለጥፊ፤ ዋናው ፖስተኛ ዕረፍት ሲወጣ ተተኪው ማን የት እንደሚኖር አያውቅም፣ ያችን ወረቀት ነው የሚያየው። «ኦር ከረንት ሬዚደንት» (ወይም አሁን ለሚኖረው) የሚል ካለበት ያንቺ ነው፣ ጣዪው።

ሰብለ፦ የኢሚግሬሽኑን ዛሬውኑ መልሺው እባክሽ መሳቢያ ውስጥ አታቆዪው!! ሰዎች ፖስታ ቤት አድራሻ ከቀየሩ ዩኤስሲአይኤስም (የኢሚግሬሽን መስሪያ ቤቱ) የሚያውቅ ይመስላቸዋል፣ አያውቅም፣ ሰውየው ቤት በቀየረ በ10 ቀን ውስጥ ለነሱ ለብቻው ማሳወቅ አለበት፣ ኤአር 11 የሚባለው ቅጽ ማለት ነው። ግሪን ካርድ ወይ ወርክ ፐርሚት ተመልሶ ከሄደ በኋላ ባለቤቱ በ60 የስራ ቀን ውስጥ ትክክለኛ አድራሻ ካልሰጣቸው ያጠፉታል፣ ከዛ እንደገና ማመልከት ገንዘብም ጊዜም ነው። አንቺ ጋ ተቀምጦ እያለ ደግሞ እሱ የት እንደደረሰ እንኳን አያውቅም።

አቤ ቨርጂኒያ፦ ፎቶውን ደግሞ በፍጹም፣ የሰው ስምና የኢሚግሬሽን ጉዳይ ሺህ ሰው ፊት? ሊዚንግ ኦፊሱን (የአፓርትመንቱን አከራይ ቢሮ) ጠይቂ፣ የወጣ ተከራይ ስልክ አይጠፋቸውም፣ ላንቺ ባይሰጡሽም እነሱ ይደውሉለታል። ዕዳውን አታስቢ፣ ክሬዲት የሚሄደው በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ነው እንጂ በቤት አድራሻ አይደለም።

ጠያቂ፦ እሺ እግዜር ይስጥልኝ። አድራሻውን እኔ ፖስታ ቤት ሄጄ ብቀይርለትስ?

ፖስተኛው፦ አይሆንም፣ ራሱ ወይ ህጋዊ ወኪሉ ብቻ ነው የሚሞላው፣ በሌላ ሰው ስም መሙላት ወንጀል ነው።

ማሚ፦ የጎረቤት ሲመጣስ? እሱንም በፖስተኛ?

ፖስተኛው፦ እሱን በሩን አንኳኩተሽ በእጁ ብትሰጪው ችግር የለውም። ካርቶን ዕቃ በዩፒኤስ ወይ በፌዴክስ ከመጣ ግን ለነሱ ደውዪ መጥተው ይወስዱታል፣ ሰማያዊው ሳጥን ውስጥ አይገባም። እዛ ቤት ኖረው በማያውቁ ሰዎች ስም የባንክ ካርድ ደጋግሞ ከመጣ ደግሞ አድራሻሽን አጭበርባሪ እየተጠቀመበት ሊሆን ይችላል፣ ለፖስታል ኢንስፔክሽን ሰርቪስ (የፖስታ ወንጀል መርማሪዎች) ሪፖርት አድርጊ።

ጠያቂ፦ በቃ የኢሚግሬሽኑን አሁን ጽፌበት እየወረድኩ ነው፣ ፖስተኛችን ከሰዓት ነው የሚመጣው። ሌላውን ባለቤቴ ማታ ይጻፍበት፣ ጣዪው ባዩ እሱ ነው።