ከጉበት ንቅለ ተከላ በኋላ የታክሮሊመስ መጠን በድንገት ለምን ይጨምራል? (አባቴ፣ 8ኛ ወር)

የአባቷ ልጅ
ሰላም ወገኖች። አባቴ ዴልሂ ሄደው የጉበት ንቅለ ተከላ ካደረጉ 8 ወር ሆናቸው። ምክንያቱ ሄፓታይተስ ቢ ነው፣ ሲታወቅ ጉበታቸውን ጨርሶት ነበር። ለጋሹ ታናሽ ወንድሜ ነው። እሱ ደህና ነው፣ ሥራ ከገባ ቆየ። አባቴም እስካለፈው ወር ድረስ ተመስገን ነበሩ።

የሚወስዱት ሰውነታቸው አዲሱን ጉበት እንዳያጠቃ ታክሮሊመስ ጠዋት 2 ማታ 2 ሚሊግራምና ማይኮፌኖሌት፣ ለቫይረሱ ደግሞ ኢንቴካቪር ነው። ፕሬድኒሶሎኑን ሐኪሙ አስቁሟቸዋል።

ከሳምንት ወዲህ ግን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እሁድ ቡና ስሰጣቸው ሲኒው ከማስቀመጫው ጋር እየተጋጨ ተንኳኳ፣ ደንግጬ መልሼ ተቀበልኳቸው። ራሳቸውን ያማቸዋል፣ እንቅልፍም የለም። አስመረመርናቸው። ሁሌ 6 ወይ 7 የሚሆነው የታክሮሊመስ ሌቭል (በደም ውስጥ ያለው መጠን) 16.4 ሆኖ መጣ። የኩላሊት መለኪያው ክሬቲኒን ከ0.9 ወደ 1.5 ወጥቷል። የጉበት ምርመራዎቹ ኤስጂኦቲና ኤስጂፒቲ ግን ንጹህ ናቸው። ለዴልሂው ሐኪም በዋትሳፕ ስልክለት በግማሽ ቀንሱ አለ፣ ከትናንት ጀምሮ 1 እና 1 እየወሰዱ ነው።

ምክንያቱ ግን አልገባኝም። አንድም ቀን መድኃኒት አልደረቡም፣ በእጄ የምሰጣቸው እኔ ነኝ። ሌቭሉን ከፍ ያደርጋል የሚባለው ግሬፕፍሩትም ቤታችን አይገባም። ጨጓራቸውን አሟቸው ሰፈር ታክመው ነበር፣ እሱም እየተሻላቸው ነው። ሌላ ምንም የለም። በዚያ ላይ ሁዳዴ ሊገባ ነው፣ እጾማለሁ ብለው ይዘውኛል። እንዲህ ያጋጠመው ካለ ንገሩኝ፣ ጨንቆኛል።

ዴልሂ ደርሶ መልስ
እህቴ አይዞሽ። እኔ ከተቀየረልኝ 4 ዓመት አልፎኛል። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ደሙ የተቀዳው የጠዋቱን መድኃኒት ከመዋጣቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ?

የምጠይቅሽ በራሴ ስለደረሰ ነው። ከሆስፒታል ስንወጣ የሰጡን ወረቀት መድኃኒቱ 9 ሰዓት እና 9 ሰዓት ይላል። ባለቤቴ በእኛ ሰዓት ወሰደችው። ቀን 9 ሰዓት አንድ፣ ሌሊት 9 ሰዓት አንድ! ሁለት ወር ሙሉ ሌሊት በአላርም እየተነሳን ስንውጥ ከረምን፣ እሷም ከኔ ጋር እየተነሳች። የህንድ ሰው ምን ዓይነት ጨካኝ ነው እያልኩ አማቸው ነበር። አስቂኙ እሱ አይደለም። ላብራቶሪ ጠዋት 3 ሰዓት ስሄድ ከዋጥኩ ገና 6 ሰዓቴ ነው፣ ስለዚህ ሌቭሌ ሁሌ ከፍ ብሎ ይመጣል፣ እነሱም በዚያ ተነስተው ይቀንሱብኛል። መለካት ያለበት ከዋጥሽ 12 ሰዓት ሞልቶ፣ ቀጣዩን ከመዋጥሽ በፊት ያለው ዝቅተኛው መጠን ነው። ነገሩን ያወቅነው ነርሷ በስልክ «ስንት ሰዓት ነው የምትውጠው?» ስትለኝ ነው። አሁን በእኛ ጠዋት 3 እና ማታ 3 አድርገነዋል፣ ተኝቼ አድራለሁ።

ሀቁን ተናጋሪ
መድኃኒቱ ራሱ ነው መርዙ። ኩላሊት ይጨርሳል፣ ስኳር ያመጣል። አንድ የማውቀው ሰው ከዓመት በኋላ ትቶት ማር በጥቁር አዝሙድ ብቻ ይዞ ይኸው ይኖራል። ሐኪሞች ይህን አይነግሯችሁም።

ፋርማሲስት ከሜሪላንድ
ወንድሜ፣ እባክህ። ኩላሊት ይጎዳል፣ ስኳርም ሊያመጣ ይችላል ያልከው እውነት ነው። ለዚያ ነው በየጊዜው የሚለካው። ግን ይህ መድኃኒት ሳይኖር የነበረውን ዘመን አስታውስ። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ስታርዝል ዴንቨር ላይ የመጀመሪያውን የጉበት ንቅለ ተከላ የሞከረው በ1963 ነው፣ ታካሚው ከቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ አልተነሳም። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት አብዛኛው ታካሚ ዓመት አይደፍንም ነበር። ሳይክሎስፖሪን የሚባለው ተመሳሳይ መድኃኒት ሲመጣ ነው ነገሩ የተለወጠው፣ ከዚያ ታክሮሊመስ መጣ፣ እሱም በ1984 ጃፓን ውስጥ ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ ነው። ዛሬ ከ10 ታካሚ 9 ያህሉ የመጀመሪያውን ዓመት ይሻገራል። ትቶት የሚኖር አለ ላልከው፣ አዎ ጥቂቶች አሉ፣ ግን እነሱ በሐኪም ቁጥጥር፣ ቀስ በቀስ እየተቀነሰላቸው፣ በየጊዜው እየተመረመሩ ነው። በማር አይደለም።

አሁን ወደ እህታችን። የደም መቅጃው ሰዓት ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሽለት። የኔ ዓይን ግን ያረፈው «ጨጓራቸውን አሟቸው ሰፈር ታክመው ነበር» ያልሽው ላይ ነው። በአንድ መስመር አልፈሽዋል። ምን ተሰጣቸው? ሳጥኖቹን አውጪና ስማቸውን ጻፊልኝ። አሁንም እየወሰዱት ነው? ተቅማጥስ ነበራቸው? እሱ ብቻውንም መጠኑን ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

የአባቷ ልጅ
ደሙ የተቀዳው ከመዋጣቸው በፊት ነው፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ አብሬያቸው ነበርኩ። ተቅማጥ የለም። ሳጥኖቹን አሁን አወጣሁ። ክሊኒኩ ሰገራ መርምሮ ኤች ፓይሎሪ የሚባል የጨጓራ ባክቴሪያ አለ ብሎ ነው የሰጣቸው፣ የ14 ቀን ነው። አሞክሳሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲን፣ ኦሜፕራዞል። ዛሬ 12ኛ ቀናቸው ነው። ወይ ጉድ፣ እሱ ነው እንዴ?

ፋርማሲስት ከሜሪላንድ
ክላሪትሮማይሲኑ ነው። ታክሮሊመስን የሚሰባብረው በጉበትና በአንጀት ያለ ኢንዛይም ነው። ክላሪትሮማይሲን ያንን ኢንዛይም ያስረዋል። አባትሽ የሚውጡት ያው 2 እና 2 ነው፣ ሰውነታቸው ግን ማስወገድ አቃተው፣ ተጠራቀመ። እጁ የተንቀጠቀጠው፣ ራሳቸውን ያመማቸው፣ ክሬቲኒኑ የወጣው በዚህ ነው። አንቺም አላጠፋሽም፣ እሳቸውም አላጠፉም።

አሁን የሚያስፈራኝ ግን 16.4ቱ አይደለም። የዴልሂው ሐኪም በግማሽ የቀነሰው ክላሪትሮማይሲን መኖሩን ሳያውቅ ነው። ከነገ ወዲያ የጨጓራው መድኃኒት ያልቃል። ኢንዛይሙ በቀናት ውስጥ ወደ ሥራው ይመለሳል። ያኔ በ1 እና 1 ላይ ከቀሩ መጠኑ ከሚፈለገው በታች ይወርዳል፣ ሰውነትም የወንድምሽን ጉበት እንደ ባዕድ ማጥቃት ይጀምራል። ይህ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ምንም ምልክት ላይኖረው ይችላል፣ የጉበት ምርመራው ከፍ ሲል ብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ ዛሬውኑ ደውይ። የሦስቱንም ሳጥን ፎቶ ላኪለት። መቼ ተጀመረ፣ መቼ ያልቃል፣ ጻፊ። መጠኑን እሱ ይወስን፣ እኔም አንቺም ከራሳችን አንነካውም።

ለወደፊቱ ደግሞ የትም ክሊኒክ ስትገቡ «ታክሮሊመስ እወስዳለሁ» የሚለው የመጀመሪያው ቃል ይሁን። ኤሪትሮማይሲን፣ ፍሉኮናዞል፣ ኬቶኮናዞል፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች እንደ ዲልቲያዜም፣ ሁሉም መጠኑን ይሰቅሉታል። የቲቢው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ጠርጎ ያወርደዋል፣ የሚጥል በሽታዎቹ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒንም እንደዚያው። ወገብ ሲያማቸው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትግዢላቸው፣ ኩላሊቱ ላይ ይደራረባል። የታክሮሊመሱ አምራች ድርጅት ከተቀየረም ሐኪሙ ይወቅ፣ ሌቭል ደግሞ ይለካ። ኢንቴካቪሩ ደግሞ ከዓመት በኋላም አይቆምም። ያለ መከላከያ ቫይረሱ አዲሱን ጉበት ይይዘዋል፣ ድሮ አብዛኛው ሰው ላይ ይመለስ ነበር።

ዴልሂ ደርሶ መልስ
ፋርማሲስት እግዜር ይስጥህ፣ እኔ ራሴ ይህን አላውቅም ነበር። ዕድሌ ነው እንጂ ስንት ጊዜ ለጉንፋን አንቲባዮቲክ ገዝቻለሁ።

ስለ ጾሙ ልበል። እኔም የመጀመሪያውን ሁዳዴ ካልጾምኩ ብዬ ነበር። ሽሮውና አትክልቱ ምንም አላደረገኝም፣ የጨነቀው ውሃ ሳይጠጡ እስከ 9 ሰዓት መቆየቱ ነው። ኩላሊታቸው አሁን እንዲህ ሆኖ ውሃ መከልከል አይሆንም። የጠዋቱን መድኃኒት ወደ 9 ሰዓት እገፋዋለሁ እንዳይሉሽ ደግሞ። የንስሐ አባታቸውን ጥሪያቸው። የኔ የንስሐ አባት ፈገግ ብለው «የልጅህን አካል ለብሰህ የምን መከራከር ነው፣ መድኃኒትህን በሰዓቱ ዋጥ፣ ውሃህን ጠጣ» አሉኝ፣ ነገሩ አለቀ። ከአንቺ አፍ አይሰሙም፣ ከሳቸው ይሰማሉ።

የአባቷ ልጅ
ከ11 ቀን በኋላ ተመለስኩ፣ ስለጠፋሁ ይቅርታ። ያን ቀን ማታ ደወልኩለት፣ ሐኪሙ ክላሪትሮማይሲን ሲል ድምፁ ተቀየረ። የቀሩትን ሁለት ቀናት እንኳ ሳይጨርሱ አስቆመው፣ የታክሮሊመሱን መጠን በሁለት እርምጃ መለሰልን፣ በ3ኛው ቀን እና በሳምንቱ ለኩ አለን። የመጀመሪያው 9.8፣ የትናንቱ 6.9። ክሬቲኒን 1.1 ገብቷል። ሲኒውም መንኳኳቱን ትቷል። ኤች ፓይሎሪው ካልጠፋ ሌላ ዓይነት መድኃኒት እሱ ራሱ ያዝዛል ተብሏል።

ክሊኒኩ ሄጄ ነገርኳቸው፣ አልተቆጣሁም፣ እኛም አልነገርናቸውም ነበር። ወንድሜ አሁን «ታክሮሊመስ እወስዳለሁ» የሚል ካርድ አሳትሞ አባቴ ኪስ ውስጥ ከመታወቂያቸው ጋር አድርጎላቸዋል።

የንስሐ አባታቸውም መጡ፣ የጾሙ ነገር ተፈታ። ከፋሲካ በኋላ ግን ሌላ ጦርነት አለብን። ጥሬ ሥጋና ጥሬ ወተት አይቻልም ስላቸው ክትፎውን በደንብ አብስዬ እሠራልዎታለሁ ብዬ ነበር። «የበሰለ ክትፎማ ጥብስ ነው፣ በስሙ አታጭበርብሪኝ» ብለው አኮረፉኝ።