የውሃ ጠብ ወደ ብሔር ከዞረ ሽማግሌ የቱን ያስታርቅ?

የብሎኩ ነዋሪ፦ ለክርክር የማቀርበው ጉዳይ ይህ ነው። በእኛ ኮንዶሚኒየም ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። የታችኛዋ ጎረቤት ዲናሞ አስገጥማ መስመሩን ስትስብ ላይኛው ፎቅ ጠብታ አይደርሰውም። የላይኛዋ ተናደደች፤ ተጨቃጨቁ። እዚህ ድረስ የተለመደ ነው። ከዚያ ግን የላይኛዋ የታችኛዋን ብሔር የሚሰድብ የድምፅ መልእክት በብሎኩ ቴሌግራም ላይ ለቀቀች። አሁን ቡናው ተለያይቷል፤ ልጆቹ እንኳ አብረው አይጫወቱም። ብሔራቸውን አልጠራም፤ ከጠራሁ ሁሉም ወገኑን ይዞ ይቆማል። ሽማግሌዎቻችን «የውሃውን ጨርሰን ይሳሳሙ፤ ሌላውን አንቆስቁስ» ይላሉ። ልክ ናቸው?

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፦ ልክ ነን። በ2012 ጥቅምት መጨረሻ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን አስታውሱ። ከእግር ኳስ ጋር ተያይዞ የተነሳ ጠብ የሁለት ተማሪዎች ሕይወት አጠፋ። ችግሩ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተዛመተ፤ ስንቱ ተማሪ ትምህርቱን ጥሎ ወደ ቤተሰቡ ሄደ። እኔ የምፈራው ይህንን ነው። እሳት ባለበት ነዳጅ አንጨምር።

ጠበቃዋ፦ ፍርሃትዎ ይገባኛል፣ አባቴ። ነገር ግን ሕግም አለ። የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ማኅበራዊ ሚዲያንም ይመለከታል። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ነው። ይሁንና ስድብ ሁሉ በዚህ አዋጅ አያስጠይቅም። ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ መሆን አለበት። የእኛ ጉዳይ እዚያ ይድረስ አይድረስ ያከራክራል። ቢደርስም፣ አንዷ ታስራ ሌላዋ ደረጃውን እንዴት ነው ቀና ብላ የምትወጣው?

የአርባ ምንጩ ልጅ፦ እኔ ሌላ ነገር ላስታውስ። መስከረም 2011 በቡራዩ ጋሞዎች ከተገደሉ በኋላ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ወጥቶ ነበር። ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ። በእኛ ባህል ያንን ሣር አልፎ መሄድ ነውር ነው። ወጣቱ ተመለሰ። ልብ በሉ፤ ሽማግሌዎቹ የለመኑት የሌላውን ወገን አይደለም። የገዛ ልጆቻቸውን ነው። እዚህም መጀመሪያ መናገር ያለባቸው የተሳዳቢዋ ወገኖች ናቸው። «በእኛ ስም እንዲህ አይባልም» የሚላት ከራሷ ሰው ሲመጣ ነው የሚሰማት።

የብሎኩ ነዋሪ፦ እውነት ነው! ያን ማታ ከእሷ ወገን አንድ ሰው አልተነፈሰም። የተሰደበችዋን ከስድቡ ይልቅ የጎዳት የእነዚያ ዝምታ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር አብረዋት ሲበሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛ ፎቅ፦ ውሃውንም አትርሱት እንጂ። ታችኛዋ ተሰድባለችና የዲናሞዋ ነገር ይታለፍላት ማለት ተጀምሯል። ያማ ሌላ በደል ነው። በውሃው እሷ አጥፍታለች፤ በስድቡ ተበድላለች። ሁለቱ ለየብቻ ይታዩ። ሁለቱን ስንቀላቅል ነው ሰው በብሔሩ ተሰልፎ የሚፈርደው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፦ ይህን እቀበላለሁ። ተሳዳቢዋን በሰው ፊት ይቅርታ ማስባል ግን ይከብደኛል። አዋርደናት ቂም ብትይዝስ?

ጠበቃዋ፦ ስድቡን ሁሉም ሰምቶታል። ይቅርታው በጓዳ ከሆነ ስድቡ መነሳቱን ማን ያውቃል? ለሀገሩ እርቀ ሰላም ኮሚሽን በ2011፣ ሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን በ2014 በአዋጅ ተቋቁመው ነበር። ትልቁ ጉዳይ የእንዲህ ያሉ ተቋማት ነው። የደረጃችን ግን የእኛው ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፦ እንግዲያው በዚህ እንስማማ። ከወገኖቿ ሁለት ሰው ቀድመው ቤቷ ይሂዱ። ልቧ ሲመለስ ይቅርታውን እዚያው በሰደበችበት ቦታ፣ በድምፅዋ ትበል። ግዴታ አይሁን፤ ጊዜ ይሰጣት። ዲናሞው ግን ቀጠሮ አያስፈልገውም፤ ነገ ይነቀል።