የከተማችን ክለብ ፈርሷል፤ ደጋፊው ራሱ አዲስ ማቋቋም ይችላል?

ጠያቂ (ምዕራብ ጎጃም)

ሰላም ለሁላችሁ። ከተማችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ክለብ ነበረን። በጀቱ ሙሉ በሙሉ ከመንግሥት ነበር። አንድ ዓመት ተቀነሰ፣ በዓመቱ ጭራሽ ቀረ። ልጆቹ ደሞዝ ሳያገኙ በየቤታቸው ተበተኑ። ሰብስቦ «ክለቡ ፈርሷል» ያለን እንኳ የለም። ማሊያዎቹ የት እንደገቡ አይታወቅም።

በጣም የሚቆጨኝ ሌላ ነው። እሑድ እሑድ ሜዳውን የምንሞላው እኛ ነበርን። ወደ ሌላ ከተማ ሲሄዱ ለነዳጅ ያዋጣነው እኛ ነን። ሲፈርስ ግን ማንም አልጠየቀንም። የመጠየቅ ግዴታም አልነበረበትም፤ ወረቀት ላይ የለንማ።

አሁን መምህራን፣ ነጋዴዎችና የባጃጅ ሹፌሮች ተሰባስበን ደጋፊው ባለቤት የሆነበት ክለብ ለማቋቋም አስበናል። አንድ ባለሀብት ደግሞ «ማሊያውንም አሰልጣኙንም እኔ እችላለሁ፣ ሊቀመንበር አድርጉኝ» ብሏል። እንቀበለው? ከየት እንጀምር?

የዳንግላ ልጅ

ወንድሜ፣ ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን ሰዋችን ለዕድር እንጂ ለኳስ በየወሩ አይከፍልም። ለአንድ ጨዋታ አዋጡ ብትል ይሰጥሃል። ትንሽ ከቆየ ሰብሳቢውን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ባለሀብቱን ይዛችሁ ጀምሩ፣ ሌላው ይደርሳል።

የዕድር ጸሐፊ (ቡሬ)

የዳንግላው ልጄ፣ በዚህ አልስማማም። ዕድር ውስጥ ለዓመታት ጸሐፊ ሆኛለሁ። ሰው የሚከፍለው ስሙ መዝገብ ላይ ስላለ ነው። ጉባኤ ላይ ተነሥቶ «ይህ ብር የት ገባ?» ማለት ይችላል። ሀብታሙም ድሃውም ድምፁ አንድ ነው። ክለቡንም እንደዚህ ሥሩት።

ውጭ አገር ያደረጉትም ይህንኑ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ቼስተር ሲቲ በዕዳ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2010 በፍርድ ቤት ፈረሰ። በዚያው ዓመት ደጋፊዎቹ ቼስተር ኤፍሲን አቋቋሙ። ከታች ተነሥተው ሦስት ዓመት በተከታታይ ወደ ላይኛው ሊግ አደጉ። የለንደኑ የዊምብልደን ክለብ ታሪክ ትንሽ ይለያል። ክለባቸው 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ሚልተን ኪንስ እንዲዛወር እ.ኤ.አ. በ2002 ተፈቀደ፤ ደጋፊው ግን አልከተልም ብሎ የራሱን ክለብ አቋቋመ። ለአዲሱ ክለብ ተጫዋች የመረጡት ሰፈራቸው ባለው የሕዝብ መስክ ላይ ነው፤ ችሎታ አለኝ ያለ ሁሉ መጥቶ ተሞከረ። የመጀመሪያ ጨዋታቸውን 4 ለ 0 ተሸነፉ። በ2011 ግን ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ባለው የእንግሊዝ ፉትቦል ሊግ ውስጥ ነበሩ። ስፔን ውስጥም የሳላማንካ ክለብ በ2013 ሲፈርስ ደጋፊዎቹ ኡኒዮኒስታስን መሠረቱ። በ2020 ሪያል ማድሪድ ራሱ ለዋንጫ ጨዋታ ሜዳቸው ድረስ መጣ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ያው ቼስተር እ.ኤ.አ. በ2018 ገንዘቡ ተሟጦ ሊዘጋ ደርሶ ነበር። ደጋፊው ተረባርቦ አዳነው። ከገቢው በላይ ደሞዝ የሚከፍል ክለብ የማንም ቢሆን ይወድቃል።

ስለዚህ ከተጫዋች በፊት መተዳደሪያ ደንብ ጻፉ። ብዙ የሰጠ ይመስገን፤ ድምፁ ግን አንድ ይሁን። ባለሀብቱን አታስቀይሙት። የሱቁን ስም ማሊያው ላይ አትሙለት። ሊቀመንበርነቱን ግን እንደማንኛውም አባል ተወዳድሮ ያግኝ። በእሱ ብቻ የቆመ ክለብ እሱ ሲኮርፍ ይፈርሳል፤ በጀት ሲቀር ያያችሁት ነው። ከባንክ ብር ሲወጣ ሦስት ፊርማ ይኑር። የወሩ ሒሳብ ሜዳው በር ላይ ይለጠፍ። 400 ሰው በወር 50 ብር ቢከፍል 20,000 ብር ነው። ደሞዝተኛ አይቀጠርበትም። ለኳስ፣ ለዳኛ አበልና ለቅርብ ጉዞ ግን መነሻ ይሆናል። ገበሬውን ወር በወር አታስጨንቁት፤ በቆሎው ተሸጦ እጁ ላይ ብር ሲኖር በጥር አንዴ ይክፈል።

የድሮውን ስም ከመውሰዳችሁ በፊት ደግሞ ዕዳውን አጣሩ። ስሙን ተከትሎ እናንተ ላይ እንዳይመጣ።

ከደብረ ማርቆስ

የጋሼ ምክር በጣም ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ዕድር ላይ ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው አባወራው ነው። ክለቡ ላይ ይህ አይደገም። አባልነት በሰው ይሁን፤ ሚስትም፣ እህትም፣ ተማሪም በየራሳቸው ስም ይግቡ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ኳስ አያለሁ፤ ምን ትያለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። የሴቶች ቡድንም «ወደፊት» እየተባለ እንዳይቀር፣ ደንቡ ውስጥ ከአሁኑ ይጻፍ።

ጠያቂ (ምዕራብ ጎጃም)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ፣ ልክ ነሽ፤ እኛ ጋ እስካሁን አንድም ሴት አልተጠራችም፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ እንጠራለን። ባለሀብቱንም እንዳሉት አነጋግረዋለሁ። የድሮው በረኛችን ደሞዙ ሳይከፈለው ነው የቀረው። እሱ የመጀመሪያው አባል እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ መዋጮውን እኔ እከፍልለታለሁ። ጋሼ፣ የምንመዘገበው በምን ዓይነት ማኅበርነት ነው?

የዕድር ጸሐፊ (ቡሬ)

ልጄ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009ን አንብቡ። እዚያ ላይ አንድ አባል ያለው አንድ ድምፅ ነው፤ አክሲዮን ቢያበዛም አይጨምርለትም። ሌላው መንገድ የደጋፊ ማኅበር ሆኖ መመዝገብ ነው። ረቂቁን ይዛችሁ መጀመሪያ ወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሂዱና የሚሆነውን ጠይቁ። ረቂቁን እዚህ ለጥፈው፣ አንቀጽ በአንቀጽ አየዋለሁ።